ከሆስፒታል ወደ ልዩ ትምህርት ቤት፤ የነርስ ደመወዝ ታሪክ በእንግሊዝ አገር

መግቢያ

በሆስፒታል ጥቂት ዓመታት ያገለገለች አንዲት ነርስ ሥራዋን ለውጣ፣ አካላቸው ወይም አእምሮአቸው ልዩ እርዳታ የሚያሻቸው ልጆች ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ለመዛወር ስታስብ፣ አስቀድማ የምታነሣው ጥያቄ ‹‹ደመወዜ ስንት ይሆናል?›› የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መልሱን የሚፈልግ ሰው አንድ አስገራሚ ነገር ይገጥመዋል፤ ይኸውም አንድ ዓይነት ትምህርት የተማሩና አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ነርሶች፣ በሁለት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ልዩ ልዩ ደመወዝ ሊቀበሉ መቻላቸው ነው። የዚህ ምክንያት በሥራ ማስታወቂያ ላይ አይጻፍም፤ ከታሪክ መፈለግ አለበት።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እንግሊዝ አገርን ነው። እዚያ የትምህርት ቤት ነርስ ሥራ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ስለሆነ፣ የደመወዙም አካሄድ ከሕጎቹና ከደመወዝ ኮሚቴዎቹ ሥራ ሊታይ ይችላል። የጽሑፉ አሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ የልዩ ትምህርት ቤት ነርስ ደመወዝ ሲወሰን የኖረው በሥራዋ ክብደት ሳይሆን በሁለት ሌሎች ነገሮች ነው። አንደኛው የከፋዩ ማንነት፣ ሁለተኛው የትምህርት ቤቱ የጊዜ አቆጣጠር ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

፩፤ የመጀመሪያዎቹ ነርሶችና የመጀመሪያው ከፋይ

በ1870 ዓ.ም. የወጣው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ሕግ በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤቶች እንዲስፋፉ አደረገ፤ በ1880 ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆች መማር ግዴታ ሆነባቸው። ከዚህም የተነሣ ቀድሞ በየጎጆው ተደብቆ የነበረው የድኻ ልጆች ሕመም ባንድ ጊዜ ወደ ክፍል ገባ። መምህራኑ የቈሰለ እግር፣ የሚመግል ጆሮ፣ ቅማል የወረረው ራስና የታመመ ዓይን ይዘው ከሚመጡ ልጆች ጋር ተፋጠጡ። ማስተማር እንጂ ማከም አልተማሩምና ምን ማድረግ እንደሚገባቸው አላወቁም።

በ1892 ኤሚ ሂዩዝ የተባለች የሰፈር ነርሶች አለቃ፣ በለንደን ድሩሪ ሌን አካባቢ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት እየጎበኘች የልጆቹን ቍስል ማጠብና ማሰር ጀመረች። በ1898 ሆነር ሞርተን የተባለች ሴት የለንደን የትምህርት ቤት ነርሶች ማኅበርን አቋቋመች። ማኅበሩ የሚተዳደረው በበጎ አድራጊዎች ገንዘብ ነበር። ሥራው ጠቃሚ ሆኖ በመገኘቱ በ1904 የለንደን ካውንቲ ምክር ቤት ነርሶችን በራሱ ገንዘብ መቅጠር ጀመረ።

በአሜሪካም ነገሩ በዚሁ መንገድ ሄደ። በ1902 ሊሊያን ዋልድ የተባለችው ነርስ፣ ሊና ሮጀርስ የተባለች የሥራ ባልደረባዋን ለኒው ዮርክ ከተማ ለአንድ ወር ሙከራ አበደረች። ሊና ሮጀርስ በአራት ትምህርት ቤቶች ተመደበች። ዋልድ ግን ይህን ያደረገችው፣ ሙከራው ከተሳካ ነርሷም እንደ ሐኪሙ ሁሉ ከመንግሥት ገንዘብ እንድትከፈል እንደሚያግዟት ከከተማው ሹማምንት ቃል ተቀብላ ነው። ይህች አስተዋይ ሴት የነገሩን ቍልፍ ከመጀመሪያው አይታው ነበር ለማለት ይቻላል። በምጽዋት የተጀመረ ሥራ ከፋዩ ካልተለወጠ ምጽዋት ሆኖ ይቀራል።

በእንግሊዝ አገር በ1907 የወጣው ሕግ የተማሪዎችን የጤና ምርመራ በትምህርት ባለሥልጣኖች ላይ ግዴታ ስላደረገ፣ ከ1908 ጀምሮ የትምህርት ቤት ነርስ የታወቀ የመንግሥት ሠራተኛ እየሆነች ሄደች። ያም ሆኖ ልዩ ትምህርት ቤቶች ከዚህ በተለየ መንገድ ተጓዙ።

፪፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ከረጢት

በ1893 ለዓይነ ስውራንና መስማት ለተሳናቸው ልጆች፣ በ1899 ደግሞ በዚያ ዘመን አነጋገር ‹‹ጉድለት ላለባቸውና የሚጥል በሽታ ላለባቸው›› ልጆች ትምህርት የሚሰጥበት ሕግ ወጣ። የ1899 ሕግ ፈቃድ ሰጠ እንጂ አላስገደደም። ግዴታ የሆነው በ1914 የአእምሮ ጉዳት ላለባቸው፣ በ1918 ለአካል ጉዳተኞች ነው።

በዚያው በ1899 ልብ ወለድ ደራሲዋ ሜሪ ዋርድ፣ በለንደን ፓስሞር ኤድዋርድስ በተባለው የበጎ አድራጎት ቤት ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን የቀን ትምህርት ቤት ከፈተች። ለጽሑፋችን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው የዚህ ትምህርት ቤት የወጪ አከፋፈል ነው። የለንደን የትምህርት ቦርድ መምህርቷንና የክፍሉን ዕቃ ሰጠ። ቤቱን፣ ልጆቹን የሚያመላልሰውን ጋሪና ነርሷን ያቀረበው ግን የበጎ አድራጎቱ ቤት ነበር። እንግዲህ መምህርቷና ነርሷ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ለአንድ ልጅ፣ በአንድ ሰዓት ሲሠሩ ሳለ ደመወዛቸው የሚመጣው ከሁለት ከረጢት ነበር። መምህርቷ የትምህርት አካል ተብላ ተቈጠረች፤ ነርሷ ግን እንደ ጋሪው ከውጭ የተጨመረች እርዳታ ሆነች።

ይህ አከፋፈል ጊዜያዊ መፍትሔ እንጂ ለዘለዓለም የታሰበ ሥርዓት አልነበረም። ነገር ግን ጊዜያዊ የነበረው ነገር ሥር ሰደደ። በ1903 በሰሴክስ የተቋቋመው የቼይሊ ሄሪቴጅ አዳሪ ትምህርት ቤትም፣ በ1907 የለንደን ካውንቲ ምክር ቤት በቦስታል ዉድ ጫካ ውስጥ የከፈተው የአየር ላይ ትምህርት ቤትም፣ ጤናና ትምህርት ሳይነጣጠሉ የሚሰጡባቸው ስፍራዎች ነበሩ። በእንዲህ ያሉት ትምህርት ቤቶች በአጥንት ነቀርሳ ጀርባው የጐበጠው፣ አጥንቱ ለስልሶ እግሩ የተጣመመው፣ ልቡ የደከመው ልጅ የሚማረው ቍስሉ ታጥቦ፣ ድጋፉ ታስሮ፣ ምሳውን በልቶ፣ በቀትር ዐርፎ ነው። ከዚህ ውስጥ የትኛው ትምህርት፣ የትኛው ሕክምና እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ነው። የሒሳብ መዝገብ ግን መለየቱ ግድ ስለሚሆንበት ለየው።

፫፤ መኝታና ምግብ እንደ ደመወዝ

ከሆስፒታል ወደ ትምህርት ቤት ስለሚደረገው ዝውውር ስንናገር፣ የሆስፒታል ነርስ የቀድሞ ደመወዝ ምን ይመስል እንደነበር መርሳት አይገባም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው በ1939 በተመረቁበት ጊዜ፣ በእንግሊዝ አገር የሆስፒታል ነርሶች አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት በሆስፒታሉ የነርሶች ቤት ውስጥ ነበር። መኝታቸው፣ ምግባቸውና የልብሳቸው እጥበት እንደ ደመወዛቸው አካል ይቈጠር ስለነበረ፣ በእጃቸው የሚገባው ገንዘብ ጥቂት ነበር። ሆስፒታሉን ትታ ወደ ትምህርት ቤት የሄደች ነርስ እንግዲህ በጥሬ ገንዘብ ብዙ ያገኘች ብትመስልም፣ የቤት ኪራይና የምግብ ዋጋ ከኪሷ ይወጣ ስለነበረ ትርፏን አስልቶ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ዛሬም ዝውውሩን በወር ደመወዝ ቍጥር ብቻ መመዘን የሚያሳስተው በተመሳሳይ ምክንያት መሆኑን ወደ ፊት እናያለን።

መምህራን በርንሃም የተባለውን የደመወዝ ኮሚቴ ያገኙት በ1919 ነው። ነርሶች ግን አገር አቀፍ የደመወዝ ሠንጠረዥ ለማግኘት የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት መጠበቅ ነበረባቸው። በ1941 በሎርድ ራሽክሊፍ ሊቀ መንበርነት የተቋቋመው ኮሚቴ የመጀመሪያ ዘገባውን ያወጣው በ1943 ነው፤ መንግሥትም ከጭማሪው ወጪ እኩሌታውን ለመክፈል ተስማማ። በሁለቱ ሙያዎች መካከል ያለው የሃያ አራት ዓመት ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። መምህራን የተደራጀ ማኅበርና አንድ የታወቀ ከፋይ ነበራቸው። ነርሶች ግን ከየበጎ አድራጎት ሆስፒታሉ፣ ከየማዘጋጃ ቤቱና ከየማኅበሩ በተናጠል ይከፈሉ ነበር፤ በዚያ ላይ ሥራቸው ‹‹የተቀደሰ ጥሪ›› ነው እየተባለ ስለሚወደስ፣ ስለ ገንዘብ መናገር እንደ ነውር ይታይባቸው ነበር።

በ1944 የወጣው የትምህርት ሕግ ልዩ ትምህርት የሚያሻቸውን ልጆች ፈልጎ ማግኘትን የትምህርት ባለሥልጣኖች ግዴታ አደረገ። በ1945 የወጣው ደንብ ደግሞ ልጆቹን በ11 ክፍሎች መደባቸው። በ1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲቋቋም ሆስፒታሎቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ አዲሱ አገልግሎት ተዛወሩ። የተማሪዎች ጤና አገልግሎት ግን በትምህርት ባለሥልጣኖች ሥር እንዳለ ቀረ። ስለዚህ በዚያ ዘመን ከሆስፒታል ወደ ልዩ ትምህርት ቤት የምትሄድ ነርስ የምትለውጠው የሥራ ቦታዋን ብቻ አልነበረም፤ ጌታዋንም ጭምር ትለውጥ ነበር።

፬፤ ሥራው ሲከብድ

ከዚያ ወዲህ የሥራው ጠባይ በፍጥነት ተለወጠ። በክትባትና በመድኃኒት ኃይል የአጥንት ነቀርሳና የልጅነት ልምሻ ከትምህርት ቤቶቹ እየጠፉ ሄዱ። በፈንታቸው ሌሎች ልጆች መጡ። በ1970 የወጣው ሕግ፣ ቀድሞ ‹‹ሊማሩ አይችሉም›› ተብለው በጤና ባለሥልጣኖች እጅ የነበሩትን ከባድ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ከሚያዝያ 1 ቀን 1971 ጀምሮ ወደ ትምህርት አስገባቸው። የሕክምና ጥበብም ከፍ በማለቱ፣ ቀድሞ በሕፃንነታቸው ይሞቱ የነበሩ ልጆች አድገው ለትምህርት ደረሱ። ዛሬ በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የምትሠራ ነርስ በሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በቱቦ የሚመገበውን፣ በጉሮሮው በተሰካ ቱቦ የሚተነፍሰውን፣ በመሣሪያ እርዳታ የሚተነፍሰውን፣ የሚጥል በሽታው ተነሥቶ በደቂቃዎች ውስጥ መድኃኒት የሚያሻውን ልጅ ትጠብቃለች። ሐኪም በአጠገቧ የለም። በሆስፒታል ውስጥ ከአልጋው ራስጌ ያለው ደወል ሲደወል የሚሮጡት ብዙዎች ናቸው፤ እዚህ ግን ብዙ ጊዜ የምትሮጠው እርስዋ ብቻ ናት።

በሚያዝያ 1974 የተማሪዎች ጤና አገልግሎት ከትምህርት ወደ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ተዛወረ። በዚያው ዓመት መንግሥት የሁለቱንም ሙያዎች ደመወዝ አስመረመረ፤ የነርሶችን የሐልስበሪ ኮሚቴ፣ የመምህራንን የሆውተን ኮሚቴ መረመረው። አንድ ልጅ በአንድ ቀን በሁለቱም እጅ ያልፋል፤ የደመወዛቸው ጉዳይ ግን በሁለት ኮሚቴ፣ በሁለት መመዘኛ ታየ።

ሥራን በሥራነቱ ለመመዘን ከተደረጉት ሙከራዎች ዋነኛው ዘግይቶ የመጣ ነው። ኤንደርቢ የተባለች የንግግር ሕክምና ባለሙያ፣ ሴቶች የሚበዙበት የእርስዋ ሙያ ተመጣጣኝ ዋጋ ካላቸው ሌሎች ሙያዎች ያነሰ ይከፈለዋል ስትል የጀመረችው ክርክር በ1993 በኤውሮጳ የፍርድ ቤት ውሳኔ አገኘ። እንዲህ ያለው ክርክር ባሳደረው ግፊት፣ በ2004 መጨረሻ አዲስ የደመወዝ ሥርዓት በጤና አገልግሎቱ ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ። ሥርዓቱ ሥራዎችን በ16 መመዘኛዎች፣ ማለት በእውቀት፣ በኃላፊነት፣ በአካልና በስሜት ድካም፣ በሥራው አካባቢና በመሳሰሉት እየመዘነ በ9 እርከኖች ይደለድላል። አዲስ የተመረቀች ነርስ በ5ኛው እርከን ትጀምራለች፤ ልዩ ሙያ ያላት ነርስ አብዛኛውን ጊዜ 6ኛውን ትይዛለች። በታሪኩ ውስጥ የነርሷ የስሜት ድካም ሳይቀር በሚዛን ላይ የወጣበት ጊዜ ይህ ነው።

፭፤ የጊዜ አቆጣጠር የሚቀንሰው

ሚዛኑ ቢስተካከልም ሁለተኛው ነገር፣ ማለት የትምህርት ቤቱ የጊዜ አቆጣጠር ቀረ። ይህን በቍጥር ማሳየት ይሻላል።

በ2024–25 የሥራ ዘመን በእንግሊዝ አገር የ5ኛው እርከን መነሻ በዓመት 29,970 ፓውንድ፣ ከአራት ዓመት አገልግሎት በኋላ የሚደረስበት ጣሪያው 36,483 ፓውንድ ነበር። የ6ኛው እርከን መነሻ 37,338 ፓውንድ ነበር። እንግዲህ አራት ዓመት አገልግላ የ5ኛው እርከን ጣሪያ ላይ የደረሰች የሆስፒታል ነርስ፣ በልዩ ትምህርት ቤት የ6ኛ እርከን ሥራ አገኘች እንበል። ሹመት አገኘች ማለት ነው፤ ደመወዟም በ855 ፓውንድ ከፍ የሚል ይመስላል።

ነገር ግን ሥራው ‹‹ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ ብቻ›› የሚል ውል ካለው ስሌቱ ይለወጣል። ዓመቱን ሙሉ የምትሠራ ነርስ የ27 ቀን ፈቃድና 8 የሕዝብ በዓላት አሏት። ይህ 35 የሥራ ቀን፣ ማለት 7 ሳምንት ስለሆነ፣ ከ52ቱ ሳምንታት የምትሠራው በደፈናው 45 ሳምንት ነው። የትምህርት ቤቱ ዓመት ግን 39 ሳምንት ነው። 37,338 ፓውንድ በ45 ተካፍሎ በ39 ሲባዛ 32,360 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። የተሾመችው ነርስ እንግዲህ በዓመት ከ4,000 ፓውንድ በላይ ያነሰ ትቀበላለች። የስሌቱ ዝርዝር በየቀጣሪው ቢለያይም አካሄዱ ይኸው ነው።

በዚህ ላይ የሌሊትና የበዓል ተጨማሪ ክፍያ ይቀራል። በሆስፒታል በ5ኛውና በ6ኛው እርከን ለሌሊትና ለቅዳሜ ሥራ ከመቶ 30፣ ለእሑድና ለሕዝብ በዓል ከመቶ 60 ይጨመራል። በ5ኛው እርከን መነሻ አንድ የእሑድ ቀን የ7 ሰዓት ተኩል ሥራ 69 ፓውንድ ያህል ጭማሪ ያስገኝ ነበር። ትምህርት ቤት እሑድ አይከፈትምና ይህ ሁሉ ይቀራል።

በፍርድ ሚዛናዊ ለመሆን ሌላውንም ወገን መናገር ይገባል። ነርሷ የሠራችበት ሳምንት ዋጋ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጥቂት ጨምሯል። የቀነሰው የሥራው ሳምንት ቍጥር ነው። ሌሊቱን በቤቷ ታድራለች፤ ልጆች ካሏት የእረፍት ጊዜያቸው ከእርስዋ ጋር ይገጥማል። ብዙዎች ዝውውሩን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ምርጫውም የሚነቀፍ አይደለም።

ጥያቄው የሚነሣው ጐን ለጐን ከሚሠራው መምህር ጋር ስናስተያያት ነው። ከ1987 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመምህር የሥራ ዘመን በዓመት 195 ቀን፣ ማለት 39 ሳምንት እንዲሆን ተደንግጓል። ይሁን እንጂ ደመወዙ የዓመት ደመወዝ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በመዘጋቱ አይቀነስበትም። መምህሩ በእረፍቱ ወራት ትምህርቱን ያዘጋጃል፣ ፈተና ያርማል ቢባል እውነት ነው። ነርሷም ግን በነሐሴ ወር የእያንዳንዱን ልጅ የሕክምና እቅድ ማደስ፣ ከሐኪሙ ጋር መጻጻፍ፣ ረዳቶቹን ማሠልጠን ያስፈልጋታል፤ ለዚህ ጊዜ ካልተመደበላት ግን ልጆቹ በመጡበት ሳምንት አጣድፋ ትሠራዋለች። አንድ የትምህርት ዘመን ለአንዱ ሙሉ ዓመት፣ ለሌላዋ ጎዶሎ ዓመት ሆኖ መቈጠሩ ከሥራው ጠባይ የመጣ ሳይሆን በ1899 ከተከፈሉት ሁለት ከረጢቶች የወረደ ውርስ ነው።

፮፤ ከፋዩ እንደ ገና ሲከፋፈል

በ2013 የተደረገው የጤና አስተዳደር ለውጥ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። የተራ ትምህርት ቤቶችን የነርስ አገልግሎት የሚገዙት የአካባቢ ምክር ቤቶች ሆኑ፤ የልዩ ትምህርት ቤቶቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጤና አገልግሎቱ የአካባቢ ቡድኖች እጅ ቀረ። እነዚህም ቡድኖች በ2022 ፈርሰው በሌሎች ቦርዶች ተተኩ። በ2014 የወጣው ሕግ የልጁን የትምህርት፣ የጤናና የእንክብካቤ ፍላጎት በአንድ እቅድ ላይ አስፍሯል። እቅዱ አንድ ወረቀት ነው፤ ገንዘቡ ግን ዛሬም ከተለያየ ኪስ ይወጣል። በበጎ አድራጎት ወይም በግል የተቋቋሙ ልዩ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ነርሶቻቸውን በራሳቸው ሠንጠረዥ ሊቀጥሩ ይችላሉ። በመግቢያችን ላይ ያነሣናቸው ሁለት ጎረቤት ነርሶች ልዩነት ምንጩ ይህ ነው።

የአገራችን ተረት ‹‹ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል›› ይላል። ለልዩ ትምህርት ቤት ነርስ ግን ሁለቱ ባላዎች አልጠቀሟትም። ትምህርት ‹‹ጤና ይሸከማታል››፣ ጤና ‹‹ትምህርት ይሸከማታል›› እያሉ ሲተማመኑ፣ በመካከል የምትወድቀው እርስዋ ናት።

ሌላ መንገድ መኖሩን አሜሪካ ታሳያለች። በዚያ አገር ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1984 በታትሮ ጉዳይ፣ በ1999 ደግሞ በጋሬት ጉዳይ፣ ልጁ በትምህርት ቤት ለመዋል የሚያስፈልገው የነርስ እርዳታ የትምህርቱ አገልግሎት ክፍል ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ማቅረብ አለበት ሲል ፈረደ። ሁለተኛው ልጅ ቀኑን ሙሉ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚኖር ነበር። በኒው ጀርሲ ግዛት የሙያ ምስክር ወረቀት ያላት የሕዝብ ትምህርት ቤት ነርስ በመምህራኑ የደመወዝ ሠንጠረዥ ትከፈላለች። ይህ በግዛቶቹ ሁሉ የሚሠራ አይደለም፤ ነገር ግን መምህሩና ነርሷ ከአንድ ከረጢት ሊከፈሉ እንደሚችሉ ማስረጃ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ወደ ልዩ ትምህርት ቤት የምትዛወር ነርስ ደመወዟን አስቀድማ ለመገመት አራት ነገሮችን መጠየቅ እንደሚገባት ነው። ቀጣሪዬ የጤና አገልግሎቱ ነው ወይስ ትምህርት ቤቱ? ሥራዬ በየትኛው እርከን ተመዝኗል? ውሉ ለዓመቱ ሙሉ ነው ወይስ ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ ብቻ? እስከ ዛሬ ያጠራቀምሁት የአገልግሎት ዘመን፣ ፈቃዴና ጡረታዬስ አብረውኝ ይሄዳሉ? የወር ደመወዙ ቍጥር ትርጕም የሚኖረው ለእነዚህ መልስ ከተገኘ በኋላ ነው።

ነገሩ የነርሷ ኪስ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። በጉሮሮው ቱቦ የሚተነፍስ ልጅ፣ ቱቦው ሲደፈን የሚያጸዳለት የሠለጠነ ሰው ከሌለ ትምህርት ቤት ሊውል አይችልም። በ1970 ‹‹ልትማር ትችላለህ›› ተብሎ የተከፈተለት በር፣ የነርሷ ወንበር ባዶ በሆነበት ቀን ይዘጋበታል። ልምድ ያላት ነርስ ተሹማ ደመወዟ የሚቀንስበት ሥርዓት ያንን ወንበር ባዶ የማድረግ ኃይል አለው። በ1899 መምህርቷን ከትምህርት ባጀት፣ ነርሷን ከጋሪው ጋር ከምጽዋት የከፈሉት ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል፤ በጊዜው ያለው መንገድ ያ ብቻ ነበረና። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ግን መንገዱን ሳያስፋው መቅረቱ የታሪክ ጸሐፊ ሊመዘግበው የሚገባ ጉድለት ነው።